ሁለት መጥበሻ፣ አንድ እጀታ

ባላምባራስ ሰንበታ የተቃጠሉት በወይዘሮ አበዛሽ ልጅ መልስ ላይ ነው። የተቃጠሉትም ክብር ላለው ሰው በማይመች ቦታ፣ ጭናቸው ላይ ነበር። የቤቱ ወጥ ሠሪ አሰለፈች ቅቤው ገና የሚንጫጫ ጥብስ በመጥበሻ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ባላምባራስ ፊት ደርሳ ጎንበስ ስትል መጥበሻው ወደ ታች ሄደ፤ እጀታው ግን እጇ ውስጥ ቀረ። ባላምባራስ ዳሱን የሚያነቃንቅ ጩኸት አሰሙ። ከበሮ መቺዎቹ ደስ ብሏቸው የጮኹ መስሏቸው ምቱን አፈጠኑት።

ዘመኑ ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር፣ ቀኑ እሑድ፣ ቦታው አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ያኔ አዳማ ባቡር ያራገፈላትን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና የምትቀበል ከተማ ነበረች። ዝናብ በሌለበት ዣንጥላ፣ የማይቆጥር የግድግዳ ሰዓት፣ የሌላ ሰው ልክ ኮት፣ ሁሉንም ወደደችው። መጥበሻዎቹም በባቡር ነው የመጡት። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ጆሮ የሌላቸው ልሙጥ ብረቶች ሆነው አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። እጀታቸው ይነቀላል። ነጋዴው ሽኩር ለሙሽራይቱ ስጦታ ብሎ ራሱ ይዟቸው መጣና ለእድምተኛው ሁሉ አሳየ።

«ሲገባ ጠቅ ይላል። ጠቅ ካለ ይዟል፤ ጠቅ ካላለ አታንሱት። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም» አለ።

ጣጣው ግን ወዲያው መጣ።

የከተማው የወንጀል መርማሪ አምሳ አለቃ ገርባ ይባላል። ማዕረጉ የአምሳ አለቃ ይሁን እንጂ ያሉት ዘበኞች በሙሉ አንድ ዣንጥላ ሥር ይጠለሉ ነበር። አዲስ አበባ ከአራዳ ዘበኞች ጋር ሲሠራ «ከመጠየቅህ በፊት ተመልከት» የሚል ትምህርት ቀስሞ ነበርና፣ ለዚሁ ሥራ አጉሊ መነጽር ገዝቷል። የገዛውም ከሽኩር ነው።

ገርባ ዳሱ ሲደርስ ባላምባራስ ማር ተቀብተው፣ እግራቸውን አንፈራጠው ቆመዋል። መቀመጥ አልቻሉም። ዝንብ የሚከላከልላቸው አንድ ሰው ተመድቧል።

«ገዳዬን ያዝልኝ!» አሉ።

«ባላምባራስ፣ አልሞቱም እኮ።»

«እሱ የእኔ ጥንካሬ ነው፤ የሱን ጥፋት አይቀንስለትም!»

«ማን ነው?»

«ሽኩር ነዋ! የሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ውኃውን ግቢዬ ውስጥ እየዘረገፈው ብከስሰው ቂም ያዘብኝ። በክረምት በውኃ ሊያሰጥመኝ ሞከረ፤ ያ አልሆን ሲለው በበጋ በቅቤ ጠበሰኝ!»

ሽኩር ከሕዝቡ መሃል ብቅ አለ። ቀጭን፣ ዕቃውን ሲያወድስ ብቻ ድምፁ የሚጎላ ሰው ነው።

«ባላምባራስ፣ እኔ እኮ ከዳሱ ማዶ፣ ከሐጂ መሐመድሰዒድ ጎን ነበርኩ። እጄ በምን ይደርሳል?»

«እጀታህ ደርሷል!»

ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው መታሰራቸው የታወቀ ወግ ነው፤ ቁራኛ ይባላል። ባለማዕረግ ሲከስስ አሽከሩን በራሱ ፋንታ ያሳስራል። ባላምባራስ ግን ማንንም አላመኑም። «አሽከሬ እንቅልፋም ነው፤ እኔ ራሴ እታሰራለሁ!» አሉ። ነገሩ የመግደል ሙከራ ስለተባለ ሐሙስ በሚመጣው ባቡር ሁለቱም አዲስ አበባ እንዲቀርቡ ተወሰነ። አዲስ አበባ ወህኒ የገባ የአዳማ ነጋዴ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። የሽኩር ሚስት በድሪያ የባሏን ጫማ አቅፋ ዳር ላይ ቆማ ቀረች። ለምን ጫማውን እንዳቀፈች እሷም አታውቅም።

«ጓጉንቸሩ የማይሰበር ይሁን!» አሉ ባላምባራስ።

ዘበኛው ቡዜ ከተማውን ዞሮ ደህና ጓጉንቸር አጣ። በመጨረሻ የነገረው ራሱ ሽኩር ነው።

«ከእኔ ሱቅ፣ ሳሙናው ከተደረደረበት ኋላ አለልህ። እንዲህ ያለ ጓጉንቸር ጅቡቲም አይገኝ» አለ። ሊታሰርበት መሆኑን እያወቀ እንኳ ዕቃውን ሳያወድስ ማለፍ አልሆነለትም።

በማግስቱ ገርባ መጥበሻውን ዘበኞች ግቢ አስመጥቶ ድንጋይ ሞላበትና እጀታውን ገጠመ። ጠቅ አለ። አነሣው፤ ወዘወዘው፤ ይዞት በግቢው ዙሪያ ሮጠ። አልተነቀለም። ድንጋዩን አፍስሶ የፈላ ውኃ ሞላና ቡዜን ባላምባራስ በነበሩበት ቦታ ቁም አለው።

«ጌታዬ፣ እኔ ቤተሰብ አለኝ» አለ ቡዜ።

«ባላምባራስም አላቸው። ቁም።»

ቡዜ እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ደረቱን ብቻ ወደፊት አስቀርቦ ቆመ። መጥበሻው ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው!» አሉ ባላምባራስ፣ በሰንሰለቱ ሽኩርን እየጎተቱ። «ዕቃው ደህና ከሆነ ሆን ተብሎ ነው የተለቀቀብኝ!»

«ዕቃው ደህና ነው ማለታቸውን ያዙልኝ» አለ ሽኩር።

ገርባ ውኃውን ደፍቶ እጀታውን ነቀለ። የእጀታውን መንጋጋ በአጉሊ መነጽሩ ሲያይ ስንጥቁ ውስጥ የተለበለበ ክር ተወትፎ አገኘ። አንዱ ክር ነጭ ነው፤ ሌላው አረንጓዴ። አውጥቶ በወረቀት ጠቀለለውና አሰለፈችን አስጠራ።

«ጠቅ ሲል ሰምተሻል?»

«ጌታዬ፣ በዚያ ከበሮ መሃል እንኳን ጠቅታ መድፍ ቢተኮስ ይሰማል?»

«እጀታውን ማን ገጠመው?»

«እኔ ተገጥሞ ነው የተቀበልኩት።»

«ከማን?»

«ከጓዳ።»

«ጓዳ ስም የለውም?»

«ጓዳ፣ ጓዳ ነው» አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። 

ከበሮ መቺው የተሻለ ነገር ነገረው። መጥበሻው ሲወድቅ ወይዘሮ አበዛሽ ከጓዳ በሩጫ ወጥተዋል፤ ግን የሮጡት ወደ ባላምባራስ ሳይሆን ወደ እጀታው ነው። ከአሰለፈች እጅ ነጥቀው ቀሚሳቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ ነው «እግዚኦ!» ያሉት።

ገርባ ወይዘሮ አበዛሽ ቤት ሄደ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ፣ እንግዳ አጉድለው የማያውቁ ሴት ናቸው። ገና ከበሩ «ምሳ ብላ» አሉት።

«እጀታውን ለምን አነሡት፣ እሜቴ?»

«ሰው እንዳይረግጠው ነዋ።»

«ባላምባራስስ?»

«እሳቸውን ማን ይረግጣቸዋል?»

ገርባ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ማዶ ተመለከተ። ማዶ የእስላም ሥጋ የተሠራበት ምድጃ አለ። እንደ ወጉ ለክርስቲያኑ እድምተኛ ወይዘሮ አበዛሽ በዚህ ጓዳ፣ ለእስላሙ እድምተኛ ደግሞ ጎረቤታቸው በድሪያ በዚያኛው ምድጃ ሠርተዋል። አራጁ ለየብቻ፣ ምድጃው ለየብቻ፣ ቢላዋው ለየብቻ ነበር።

በድሪያ ከምድጃው አመድ እየዛቀች አገኛት። ዓይኗ ከእንባ ብዛት አብጧል።

«አንቺ በምን ሠራሽ?» አላት።

«በሸክላ ድስት።»

«ትንሹ መጥበሻስ?»

«ተቀምጦ ዋለ።»

«ማይልኛ።»

በድሪያ አመዱን መዛቅ አቆመች። «ለድስት ይማላል እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ከተማው ግን በዚያን ቀን የራሱን ጥፋተኛ አግኝቶ ነበር፤ ሸክላ ሻጯን ዘርፉን። ብረቱ ከመጣ ወዲህ ገበያዋ ቀዝቅዟል፤ መጥበሻውን በአደባባይ ስትረግመውም የሰማት ብዙ ነው። ገርባ ከዴራ ገበያ ከነአህያዋ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«እጁ ይነቀል ብዬ ረግሜው ነበር፤ ተነቀለ» አለች ዘርፉ ደረቷን ነፍታ። «እርግማን ማሳሰር ከጀመረ እኔን ብቻ አትያዝ፤ ገበያውን በሙሉ ያዝ።»

«እሑድ የት ነበርሽ?»

«ዴራ፣ እህቴ ቤት። አህያዬን ጠይቅ። እዚህ ተቀምጬ ምን ልሥራ? ለዚያ ሁሉ ድግስ አንዲት ሸክላ ከእኔ አልተወሰደችም! በድሪያ እንኳ ያቺ አሮጌ ድስቷ ከተሰበረች ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም።»

ገርባ ባለበት ቆመ። በድሪያ ድስት ከሌላት፣ በሸክላ ሠራሁ ያለችው ውሸት ነው። የዋሸችው ደግሞ የተከሳሹ ሚስት ናት። የሚያውቀው ሁሉ ወደ ሽኩር እየወሰደው ሲሄድ ከልቡ አዘነ። ሽኩርን ይወደዋል፤ መነጽሩን ሲገዛ እንኳ ዋጋ አልተከራከረውም።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ቁራኛዎች ዘበኞች ግቢ ካለው ግራር ሥር ቆመው ነበር። ባላምባራስ መቀመጥ ስለማይችሉ ሽኩርም መቀመጥ አልቻለም። ሽኩር ሲሰግድ ደግሞ ባላምባራስ አብረው እየተጎነበሱ ያቃስቱ ነበር።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው ይኼ?»

«አምስት።»

«እንግዲያው መጎንበሴ ካልቀረ ለጭኔም ጸልይልኝ።»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሬያለሁ፣ ባላምባራስ።»

ባላምባራስ እጃቸውን ወደ ሽኩር ጠጋ አድርገው ሰንሰለቱን አላሉለት።

ምሳቸው ከቤት መጣ፤ ቅቤ የጠጣ ጥብስ ነው። ከሽኩር ግራ እጅ ጋር የታሰረው የባላምባራስ ቀኝ እጅ ስለሆነ፣ በጎረሱ ቁጥር የሽኩር እጅ አብሮ አፋቸው ድረስ ይወጣል፤ አብሮ ይወርዳል። ቅቤው ከጣታቸው ወደ አንጓቸው፣ ከአንጓቸው ወደ ሰንሰለቱ ተንዠቀዠቀ። ሽኩር ጥቂት ታገሠና ከሽርጡ ጫፍ ጨርቅ ቀድዶ ሰንሰለቱን ቀስ አድርጎ ጠቀለለው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አይቀየሙኝ። ሥጋዎ የክርስቲያን ነው፤ ቅቤው ደግሞ በብረቱ በኩል ወደኔ እየመጣ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ።»

«ምነው በተናገርክ!»

«ሰው በሚበላበት ሰዓት፣ ምግብህ አይንካኝ ይባላል እንዴ?»

ገርባ አጠገባቸው ቆሎ ይቆረጥም ነበር። እጁ አፉ ሥር ሲደርስ ቆመ። የተጠቀለለውን ብረት አየ፤ ቅቤ የጠጣውን ጨርቅ አየ፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዳሰሰ። ከዚያ ቆሎውን ለቡዜ ሰጥቶ ሳይሰናበት ወጣ።

ወይዘሮ አበዛሽና በድሪያ አጥሩን በመሃል አድርገው ሲንሾካሾኩ ደረሰባቸው።

«ነጠላችሁን አሳዩኝ» አለ።

የወይዘሮ አበዛሽ ነጭ ነጠላ ጫፉ ላይ ጣት በሚያህል ስፋት ተቀድዷል። የበድሪያ አረንጓዴ ሻሽም እንዲሁ።

«አይጥ ናት» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ።

«አይጥ» አለች በድሪያም።

«አጥር ዘላ፣ የሁለታችሁንም እኩል ለክታ የምትቀድድ አይጥ?»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ገርባ ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ የበድሪያን ዓይን ሲያይ ቁጣው ጠፋበት።

«ከነገ ወዲያ ባቡሩ ይመጣል። የማውቀውን እዚያው አሳያለሁ። ማን እንዳደረገው ግን ከእኔ አፍ ባይሰማ ይሻላል» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ አዳማ በሙሉ ጣቢያው ላይ ነበረች። እድምተኛው ሁሉ መጥቷል፤ ሐጂ መሐመድሰዒድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ካንድ ወገን፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከሌላው ወገን ቆመዋል። ሽኩር የበድሪያን ስንቅ በነጻ እጁ ይዟል። ገርባ ከሰል አስነድዶ ትልቁን መጥበሻ በቅቤ ሞልቶ ጣደ።

«ይህ አገር ለመጥበስ ጊዜ አለው» አለ ከጣቢያው ሠራተኞች አንዱ።

ገርባ እጀታውን ገጠመ። «ሰማችሁ?»

«ጠቅ አለ!» አለ ሕዝቡ።

እጀታውን ነቀለና መንጋጋው ላይ እራፊ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደገና ገጠመ። «አሁንስ?»

ዝም። ጠቅታ የለም። ገርባ መጥበሻውን አነሣ። ለጥቂት ጊዜ ያዘ። ሰው «ይኸው ይዟል» ማለት ሲጀምር ጨርቁ ቅቤውን ጠጣ፤ ገርባም ለሰው እንደሚያቀርብ ጎንበስ አለ። መጥበሻው ሾልኮ አሸዋው ላይ ተደፋ፤ ቅቤው ተረጨ፤ ሕዝቡ ባንድነት ወደ ኋላ ዘለለ። ቀድሞ ሸሽቶ የነበረው ቡዜ ብቻ ነው።

«ብረቱ ጨርቅ ካልገባበት አይለቅም» አለ ገርባ። «ይህን ጨርቅ ማን አሰረው? የሚያውቅ ይናገር።»

 በወለንጪቲ በኩል የባቡሩ ጩኸት ተሰማ። ቡዜ የሽኩርን ትከሻ ያዘ።

«እኔ ነኝ!»

በድሪያ ናት። ሕዝቡን ገፍታ ወጥታ ሐጂ ፊት ቆመች። 

«ሽኩር ስጦታውን ሲያመጣ ሁለት መጥበሻ፣ አንድ እጀታ ነው ያመጣው። ስጦታውን ተቀብለን፣ እሱ ቁጭ ብሎ እያየ፣ በሌላ ዕቃ ብናቀርብ ይቀየማል አልን። ትልቁን ለዚያ ወገን፣ ትንሹን ለዚህ ወገን አደረግን። እጀታውን ግን በአጥሩ ቀዳዳ እየተቀባበልን አንዴ እኛ፣ አንዴ እነሱ... የነሱ ሥጋ የነካው ብረት የናንተን እንዳይነካ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ጨርቁ ሰው ያቃጥላል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። እጀታው አንድ ነው ብል ደግሞ እናንተ የበላችሁት ሆዳችሁ ውስጥ ይገለበጣል ብዬ ፈራሁ።»

«ብቻዋን አይደለችም!» ወይዘሮ አበዛሽ መጡ፤ ነጠላቸው መሬት ይጎትታል። «እኔም ጠቅልያለሁ፤ በነጭ። ባላምባራስ ዘንድ የሄደው የኔ ነው። ጨርቁን እንዳያዩብኝ ነው እጀታውን የነጠቅሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሰው ሲጮህ እኔ ጨርቅ ስፈታ ነበር።» ይህን ሲሉ ከልባቸው አለቀሱ።

 ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያዙት እንጂ አልቆጠሩትም።

«በድሪያ፣ ጨርቁ በመሃል ነበረ?»

«ነበረ፣ ሐጂ። ወላሂ ነበረ።» አሁን ለመማል ማንም አላስገደዳትም።

«በእኛም በኩል ነበረ?» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው።

«ነበረ፣ አባቴ» አሉ ወይዘሮ አበዛሽ።

ሐጂ ወደ ቄሱ አዩ፤ ቄሱ ወደ ሐጂ። በመጀመሪያ የሐጂ ጢም ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው። «ለእኛ ሲጠነቀቁ ባላምባራስን ጠበሷቸው!» አሉና ሳቃቸው ፈነዳ። ቄሱ በመስቀላቸው አፋቸውን ሊሸፍኑ ሞክረው አልበቃቸውም።

ባላምባራስ ብቻ አልሳቁም።

«ስለዚህ እኔን ያቃጠለኝ ይሉኝታ ነው?»

«አዎ፣ ባላምባራስ» አለ ገርባ።

«የት ሄጄ ልክሰሰው?»

«በሁላችንም ቤት አለ። ሰንሰለቱ አይበቃንም።»

ባላምባራስ ሰንሰለቱን አዩት። የሽኩር ጨርቅ እስካሁን ተጠቅልሎበታል፤ ያ ሁሉ ቅቤ ከእሑድ ጀምሮ እየነካው ዝም ያለ ሰው ጨርቅ ነው። ባቡሩ ደርሶ ቆመ።

«ክሴን ትቻለሁ። ፍታን» አሉ።

በድሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቡዜ ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከትቶ ሊያዞረው ሞከረ። አልዞረም። በሁለት እጁ አዞረው። ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ግማሹ እዚያው ቀረ።

«ብያለሁ እኮ» አለ ሽኩር፣ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት። «ጅቡቲም አይገኝ።»

«አንተ ሰውዬ! ያዝ ያሉት ይለቅቃል፣ ልቀቅ ያሉት ይይዛል! ምን ዓይነት ሱቅ ነው ያለህ?» አሉ ባላምባራስ።

ባቡሩ ሁለቱንም ሳይጭን ሄደ። እነሱ ወደ ቀጥቃጩ ወደ መርጋ ቤት አብረው አዘገሙ፤ ባላምባራስ እግራቸውን አንፈራጠው፣ ሽኩር በልካቸው እየተራመደ፣ በድሪያ የባሏን ነጻ እጅ ይዛ። መንገዱ በባላምባራስ ግቢ ያቋርጣል። ግቢው ውስጥ ባላምባራስ ቆም አሉ፤ ሽኩርም ሳይወድ ቆመ። የክረምቱ ጎርፍ የሸረሸረው ቦይ ከሽኩር ጣሪያ ሥር ተነሥቶ እስከ ባላምባራስ መኝታ ቤት ድረስ ይሄዳል። ሽኩር ጣሪያውን ከዚህ ወገን ቆሞ አይቶት አያውቅም ነበር።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። «መኝታዎ ድረስ?»

«አልጋዬን እያዞርኩ ነው የከረምኩት።»

«ለክረምት አሸንዳ አስገባለታለሁ። ምነው ገብተህ እይ ባሉኝ?»

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሉኝታ ያዘኝ» አሉ።

መርጋ ቤት ሰንሰለቱ ግንድ ላይ ተዘረጋ፤ መዶሻው ተነሣ። በዚህ መሃል ወይዘሮ አበዛሽ ከዘርፉ የገዙትን አዲስ ሸክላ ድስት እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ በሁለት እጃቸው አቅፈው ገቡ።

«ምስር ነው» አሉ። «የክርስቲያንም የእስላምም አይደለም። ሁለታችሁም ብሉ።» ብለው ጎንበስ አሉ።

ባላምባራስ ወደ ኋላ ዘለሉ። ሽኩርም አብሮ ዘለለ።